ያልሰማሁት ፉጨት

ባለፈው ዓመት የከሚሴ የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ አስተማሪዎች ጠርተውኝ ነበር። ሱቄን ዘግቼ፣ መሣሪያዬን ሸጬ ቤት መዋል ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። የጠሩኝ ለሠልጣኞቻቸው አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም መምረጥ ፈልገው ነው፤ በድምፅ ማጉያ ሣጥን ውስጥ የሚገባውን ክሮስኦቨር ከመሥራት በፊት በኮምፒውተር ላይ የሚሞክር ፕሮግራም። «ጋሽ ሁሴን፣ እርስዎ በዚህ ሥራ የቆዩ ነዎት፤ የትኛው ይሻላል?» አሉኝ። «ስፒከሩን ለክታችሁ እንድታስገቡ የሚያስገድዳችሁን ያዙ፤ ሳትለኩ መልስ የሚሰጣችሁን አትንኩት» ብያቸው፣ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

መልሱ ልክ ነበር። መልሱን ከየት እንዳገኘሁት ግን አልነገርኳቸውም። ቤቴ ስደርስ ይኸው ከነከነኝ። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ክሮስኦቨር ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ትልቅ የድምፅ ሣጥን ውስጥ ሁለት ስፒከር አለ። ትልቁ ወፍራሙን ድምፅ ያሰማል፤ ትንሿ፣ ትዊተር የምንላት፣ ቀጭኑን። ወፍራሙ ድምፅ ወደ ትንሿ ከሄደ ይገድላታል። ስለዚህ ጥቅል ሽቦ፣ ካፓሲተርና ሬዚስተር የተበየዱባት፣ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ መሐል ትገባለች፤ የትልቁን ለትልቁ፣ የትንሿን ለትንሿ እየለየች ትልካለች። ትዊተሯ እንዳትጮህ ደግሞ ትርፉን ኃይል ሬዚስተሩ ይበላዋል። የበላው ኃይል የትም አይሄድም፤ ሙቀት ይሆናል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ባሻ ይማም ናቸው። በድሮው ጦር መገናኛ ክፍል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከሰሜን ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጥተው ከሚሴ ሲገቡ የተረፋቸው አንድ የብየዳ ካውያ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትርና መድፍ የጎዳው ጆሮ ነበር። የተበተነ ወታደር የሚቀጥረው አልነበረም። ደሴ መንገድ ዳር ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ክፍል ተከራይተው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመሩ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ጨፋ ላይ ማሽላ እንድዘራ ይፈልግ ነበር፤ እኔ የዘመድ ቴፕ እየፈታሁ አበላሽ ነበር። ካበላሸኋቸው አንዱን ይዤ ባሻ ዘንድ ሄድኩ። ክዳኑን ከፍተው አዩና፣

«ይኸን ማነው የነካካው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ ‹እንዲሁ ባለበት ቆመ› ነው የሚለኝ። ነካሁት ያልከኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። ተቀመጥ።»

እንደተቀመጥኩ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

የባሻን ልማድ አንድ በአንድ ብናገር አያልቅም፤ ሦስቱን ብቻ ልናገር። አንደኛ፣ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አያምኑም። አዲስ ካፓሲተር ከአዲስ አበባ መጥቶ በላስቲኩ እንዳለ እንኳ ለክተው፣ ያገኙትን ቁጥር በፕላስተር ጽፈው ጀርባው ላይ ይለጥፋሉ። ሁለተኛ፣ የሠሩትን ስፒከር ሩብ ሰዓት ሙሉ ያስጮኹና ክፍሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። «በመዳፍህ አትንካ፤ ካቃጠለህ ነገ የምትሠራበት ነው» ይሉ ነበር። ሦስተኛው ሰው የሚስቅበት ነው። ክንድ የምታህል ሸምበቆ ነበረቻቸው። አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሌላውን የስፒከሩ ብረት ላይ ያስደግፋሉ። መድፉ የበጣጠሰው የጆሯቸውን ታምቡር ነበርና ድምፁ በጥርስና በአጥንት በኩል ሲሄድ ይሰማቸዋል። መንገደኛ ቆሞ ሲስቅባቸው አይቆጡም። «ጆሮዬ አይሰማም፤ ጥርሴ ግን ደህና ነው» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ሰንበቴ ገበያ የሠራነውን አልረሳውም። የከብት ክትባት ሊጀመር ነውና ለገበያተኛው እንዲነገር ታዝዘን ሁለት ትልልቅ ሣጥን ተከልን። ተናጋሪው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይናገራል። ድምፁ ገበያውን ያናውጠዋል። ባሻ ግን አቧራውን እየረገጡ ከግመሎቹ ወዲያ ማዶ ድረስ ሄዱና አንድ ሽማግሌ አፋር በአስተርጓሚ፣ ቀጥሎም ፍየል የምትሸጥ ሴትዮ ጠየቁ፤ «ምን አለ?» ብለው።

«ዋኤ ቡዴና ዱበታ» አለች ሴትዮዋ በኦሮምኛ እየሳቀች፤ ስለ እንጀራ ያወራል ማለቷ ነው። ስለ ክትባት የሰማ አንድም ሰው አልተገኘም።

ባሻ ተመልሰው ሣጥኑን አስከፈቱኝ። ቃልን ቃል የሚያደርገው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ‹ሰ› እና ‹ተ› የሚለዩት እዚያ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ እሱን በሬዚስተር አፍነነዋል። ሬዚስተሩን ቀይረን፣ አስጩኸን፣ ዳስሰን፣ እንደገና ጠየቅን። በአራተኛው ሙከራ ያ ሽማግሌ ጊደሮቹ ስንት ወር ሲሞላቸው እንደሚከተቡ ለጓደኛው ሲያስረዳ አየነው። «አሁን አለቀ» አሉ ባሻ። «እኔና አንተ ሰማነው ማለት ምንም አይደለም። የሚሰማው ሌላ ነው።»

ከባሻ የተለየሁት የመንግሥት ሥራ ሳገኝ ነው። አንድ የዞን መሥሪያ ቤት የቅስቀሳ መኪና ነበረው። ደመወዙ ከሱቁ የተሻለ አልነበረም፤ ቋሚ መሆኑ ነው የሳበኝ። አራት ዓመት ከመኪናው ጣሪያ ላይ፣ ከአራት ጡሩምባ ሥር ተቀምጬ ከከሚሴ ባቲ፣ ከባቲ ሰንበቴ ተመላለስኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ድምፅ ሲበዛ ግን ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። «ጨምርበት ሁሴን! ተራራውን ይሻገር!» ይለኛል። እጨምራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮሃል። በጠዋት ይተወኛል። በአራተኛው ዓመት በጠዋትም አልተወኝም።

ያን ሥራ ትቼ የራሴን ሱቅ ከባሻ ሱቅ አጠገብ ከፈትኩ። እሳቸው አርጅተው ሥራ ቀንሰው ነበር። ከዙህር ሰላት በኋላ እየመጡ እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ። ከውጭ የሚመጣው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገና በኛ አገር ሰው አቅም አይገዛም ነበርና የሰርግ ዕቃ አከራዩም፣ መስጊዱም፣ ትምህርት ቤቱም እኔ የሠራሁትን ሣጥን ይወስዳል። ጥሩ ስም ነበረኝ። ስሜ ሲያድግ ጆሮዬ ያንሳል። አንድ ቀን ደንበኛ «ይቺ ትዊተር ተቆርጣለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ መሥራቷንም አለመሥራቷንም መለየት አቃተኝ። ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ተቆርጣለች። ለዚያ ሰው አልነገርኩትም። ለባሻም፣ ለሚስቴ ለራህማም አልነገርኩም። የድምፅ ሰው ጆሮ የለውም ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል?

ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው ኮምፒውተር የገዛሁት። ያኔ በማሰልጠኛው ኤሌክትሮኒክስ ያስተምር የነበረ መምህር ጌታቸው የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ በፍላሽ ሁለት ፕሮግራም አመጣልኝ። ሦስተኛም ነበር፤ እሱ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ ስሙን አንስተን ተውነው።

የመጀመሪያው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ የስፒከሩ ኦም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ፣ ስንት ነው፤ ድምፁ የት ላይ ይከፈል። ስምንት ብለህ ትጽፋለህ፤ ወዲያው የሽቦውንና የካፓሲተሩን ልክ ይነግርህና በሰማያዊ ቀለም የተስተካከለች መስመር ይስልልሃል። ሁለተኛው ግን ባዶ ሰንጠረዥ ነው የሚሰጥህ። እያንዳንዱን ስፒከር ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ለክተህ ካልሞላኸው ምንም አይስልም። መለኪያውን ራስህ ትሠራለህ፤ ማይክ ትተክላለህ፤ መብራት ሲጠፋ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። በመጨረሻ ግን የድምፁን መስመር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሬዚስተር ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከም ያሳይሃል።

«ይኸኛው ይፈጥናል፤ ይኸኛው ያደክማል» አለኝ ጌታቸው። «እኔ ብሆን ግን የሚያደክመውን እይዛለሁ። ስምንት ኦም የሚባለው እኮ ስሙ ነው። ድምፁ በተቀያየረ ቁጥር አራትም ይሆናል፣ ሠላሳም ይሆናል።»

አውቅ ነበር። ይህን ከባሻ የተማርኩት ጌታቸው ኮሌጅ ሳይገባ ነው። የመረጥኩት ግን የሚፈጥነውን ነው። ጊዜ ቆጥቤ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ያቺ ሰማያዊ መስመር አሳረፈችኝ። በጆሮዬ ያጣሁትን በዓይኔ ያገኘሁ መሰለኝ። ሁለተኛው ፕሮግራም ‹ለካ፣ አዳምጥ፣ አመሳክር› ይለኛል፤ ማዳመጥ የማልችለውን ሰው። የመጀመሪያው ምንም አይጠይቀኝም።

ባሻ አንድ ከሰዓት መስመሯን ትክ ብለው አይተው፣

«ይቺ የየትኛው ስፒከር ናት?» አሉኝ።

«የሁሉም ናት ባሻ። ስምንት ኦም ለሆነ ሁሉ ትሠራለች።»

«የሁሉም ከሆነች የማንም አይደለችማ» ብለው መቁጠሪያቸውን ወደ መቁጠር ተመለሱ።

ዘሃራ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ዘሃራ በጨፋ ሮቢት ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ድምፅ ማጉያ ለሰርግ ታከራያለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ሠርታ ስም ያወጣች ሴት ናት። ልጇን ሰዓዳን ልትድር ነበርና አራት አዲስ ሣጥን አዘዘችኝ።

«ለልጄ ነው ሁሴን» አለችኝ። «መንዙማው ቃል በቃል እንዲሰማ። እናቴም ትሰማበታለች፤ ያው እንደምታውቀው ጆሮዋ ደክሟል፤ ከሣጥኑ አጠገብ ነው የማስቀምጣት።»

«አብሽሪ» አልኳት።

ሣጥኖቹን በሰማያዊዋ መስመር ሠራኋቸው። የትዊተሩ ሬዚስተር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ናት፤ ፕሮግራሙ ስለ ሙቀቷ ምንም ስላላለ እኔም አልጠየቅኩም። ውስጡን ድምፁ እንዳያስተጋባ በፍራሽ ጥጥ ሞላሁት። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ ሲመጣ አንድ ዘፈን የሚያህል አስጮኽኩና ዘጋሁት። በማግሥቱ ሲጫን ባሻ መጥተው ነበር።

«ሩብ ሰዓት አስጩኸህ ዳሰስከው?»

«አዎ» አልኳቸው።

በዕድሜዬ ብዙ ሰው ዋሽቻለሁ። ባሻን የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ከዘሃራ ቤት ፊት ለፊት ተጥሏል፤ ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በናይሎን መጋረጃ ተከልለው በዚያ። እኔ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ተቀምጫለሁ። ድቤው ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኛል፤ ደስ ብሎኛል። መንዙማ ባዮቹ ሲሞቃቸው ማይኩን ይዘው ወደ ሴቶቹ ወገን ጠጋ አሉ። ወዲያው ሰዎች ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አየሁ። ጥቂቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። ድምፁ የበዛባቸው መሰለኝና ወፍራሙን ቀነስኩ። አልተዉም። አንድ ሽማግሌ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ።

«አንተ ሰው፣ ያፏጫል እኮ!»

«ምንም አያፏጭም» አልኩት። እኔ የምሰማው ድቤና የሰው ድምፅ ብቻ ነው።

«ወላሂ ያፏጫል! ጆሯችንን በላው!»

«ማይኩ ነው፤ ይተዋል» ብዬ መለስኩት። ምን እንደሆነ ስላወቅኩ አልነበረም የመለስኩት፤ እንዳላውቅ እንዳይታወቅብኝ ነው። በማይኩና በሣጥኑ መካከል የተፈጠረው ያ ቀጭን ፉጨት ኃይሉን ሁሉ በዚያች ነጭ ሬዚስተር ላይ እያፈሰሰ ነበር። ቅንጣት ታህል እጀታ ወደ ኋላ ማዞር ነበር የሚያስፈልገው። እጄ እላዩ ላይ ነበር።

ጭሱ መጀመሪያ የታየው በሴቶቹ ወገን ነው። ከሣጥኑ ጀርባ ወጣ፤ መጋረጃውን ያዘው፤ ናይሎኑ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ጀመር። ሴቶቹ እየተጯጯሁ ወጡ። የዘሃራ እናት አዴ ፋጡማ ግን ጉልበታቸውም አይሸከማቸውም ነበር፤ ከሣጥኑ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። ዘሃራ ተመልሳ ገባች። የሚነደውን ሣጥን በሁለት እጇ ገፍታ ከእናቷ ላይ አነሳችው። እኔ ስደርስ ሁለቱንም ጎትተው እያወጧቸው ነበር። ዘሃራ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ታያቸዋለች፤ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ነበር የምታያቸው።

አዴ ፋጡማ ደሴ ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ቀን ቆይተው ሞቱ። የዘሃራ ጣቶች ዳኑ፤ ግን አልታጠፉም።

ፖሊስ «በኤሌክትሪክ ምክንያት የተነሣ» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌዎቹ «ቀደር ነው፤ አላህ የወሰነው» አሉ። ማንም እኔን አልከሰሰኝም። ለቅሶ ስደርስ ሰው «አንተም ሥራህ ተቃጠለብህ» ብሎ ያጽናናኝ ነበር። ዝም አልኩ። ሱቅ መክፈት አቃተኝ። በሳምንቱ ባሻ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ሦስቱ ሣጥኖች አልተቃጠሉም» አሉኝ፤ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «ምስክር ናቸው። አምጣቸው።»

አመጣኋቸው። ጌታቸውን ጠራን። የሚያደክመውን ፕሮግራም ከፍተን አራት ቀን ለካን። ስምንት ብዬ የጻፍኩት ትዊተር ያ ፉጨት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ አራት ኦም እንኳ አልሞላም። ሰንጠረዡ ሲሞላ ፕሮግራሙ የሬዚስተሯን ሸክም አወጣው፤ ከአቅሟ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ጌታቸው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

«ወረቀት አይበቃም» አሉ ባሻ። አንዱን ሣጥን ጀርባውን ከፍተን ግቢ ውስጥ አስቀምጠን ያንኑ ቀጭን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ላክንበት። ጌታቸው ጆሮውን ይዞ ሸሸ። ባሻ ሸምበቋቸውን ነክሰው ብረቱ ላይ አስደገፉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሰማሃል?»

ገመዱን አስተካክላለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ሁሴን፣ ይሰማሃል ወይ?»

«አይሰማኝም።»

ሸምበቆዋን አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጠርገው ሰጡኝ። ነከስኳት። ጥርሴ ላይ ምንም የለም። የእሳቸው የተበላሸው የጆሮ በሩ ነበር፤ የእኔ የሞተው ውስጡ ነው። እዚያው ቆመን እያለን ጥጡ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆኖ መጨስ ጀመረ። ጌታቸው ሮጦ ነቀለው።

«መቼ ጀመረህ?» አሉኝ ባሻ።

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«ሩብ ሰዓቱስ?»

«አላስጮኽኩትም። ዋሽቼዎታለሁ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሸምበቋቸውን ከእጄ ተቀበሉ። ከዚያ፣ «ሄደህ ንገራት። እኔ እንዳልነግርልህ» አሉኝ።

የአርባው ሰደቃ እስኪያልፍ ጠብቄ ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። ዘሃራ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿ በነጠላዋ ተሸፍነዋል።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግባ ሁሴን፤ ምን በር ላይ ያቆምሃል?»

አልገባሁም። ቆሜ ነገርኳት፤ ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ሬዚስተሯ፣ ስላልዳሰስኩት፣ ስለዋሸሁት። ስለ ኦም ምን እንደገባት አላውቅም፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ያፏጫል ሲል፣ አያፏጭም ያልከው ለምንድን ነው?»

«አልሰማሁትም ዘሃራ። ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ለማን ነግረህ ነበር?»

«ለማንም።»

ከቤት ውስጥ ሰው ጠራት፤ አልመለሰችም።

«እናቴም አትሰማም ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «ግን ለጎረቤቱም፣ ለመንገደኛውም ‹የኔ ልጅ፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ጠጋ ብለህ ንገረኝ› ትል ነበር። ስለነገረችን ነበር እዚያ ያስቀመጥናት።»

«አፉ በይኝ» አልኳት።

«አላህ አፉ ይበልህ» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»

ከሚሴ ተመልሼ ያንኑ ምሽት ለራህማ ነገርኳት። ጆሮዬ እንደማይሰማ ስነግራት አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ልጃችን ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ስትጠራህ አትዞርም። እኔ ድምፄን አወፍሬ የማናግርህ ለምን መስሎህ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባሌን በጉድለቱ አላሳፍርም ብዬ» አለችና ድንገት ቆመች። «እኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አዴ ፋጡማ…» ብላ መጨረስ አቃታት። ያን ሌሊት ሙሉ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ብዙ ቀን ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ የለሽበትም› አልኳት። የተቀበለችኝ አይመስለኝም።

ሥራውን አልተውኩም። ልተወው አስቤ ነበር፤ ባሻ «ብትሸሽ የተማርከውን ይዘህ ነው የምትሸሸው» አሉኝ። ሱቄን ስከፍት ለመጣው ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ሆነ፤ «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። የሚሰማልህን ሰው ይዘህ ና።» ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እያዘነ ሄደ፤ ጥቂቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ የሠራሁት ሣጥን የለም። አንዱን ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። በመሐል ባሻ ሞቱ፤ በሽታቸው አላስቸገራቸውም፤ ከዙህር በኋላ ጋደም እንዳሉ ነው። ቀጥሎ ክሮስኦቨሩን በአንዲት ቺፕ የሚሠራ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ድምፅ ማጉያ ከቻይና በርካሽ ይገባ ጀመር። ሲበላሽ አይጠገንም፤ ይጣላል። በእጅ የተሠራ ሣጥን የሚፈልግ ሰው ጠፋ።

የመጨረሻው ሥራዬ የጨፋ ሮቢት ትምህርት ቤት ነው። ሁለት የቆዩ ሣጥኖች ከነክሮስኦቨራቸው ይታደሱልን ብለው ላኩ። ይዛቸው የመጣችው መምህርት ሰዓዳ ናት፤ የዘሃራ ልጅ፣ የዚያ ቀን ሙሽራ። ስንተያይ ሁለታችንም ቆመን ቀረን። እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ሌላ ሰው ዘንድ ብትወስጂው አልቀየምም» አልኳት።

«ሌላ ሰው የለም» አለች።

«እንግዲያው የሚሰማ ሰው አምጪልኝ።»

«እኔ እሰማለሁ።»

ሁለት ቀን ስለካ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን መጥታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ድምፁን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እያሳለፍኩ ስጠይቃት፣ «እዚህ ይሾላል… አሁን ደግሞ ጠፋ… አሁን ልክ ነው» ትለኛለች። ሬዚስተሩን አራት ጊዜ ቀየርኩ። ሩብ ሰዓት አስጮኽን፤ ዳሰስኩት፤ ለብ ብሎ ነበር። እሷም ዳሰሰችው። ስለ ሰርጉም፣ ስለ አያቷም አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሣጥኖቹ ባጃጅ ላይ ሲጫኑ ጠጋ ብላ፣

«እናቴ እዚህ እንደመጣሁ አታውቅም። እንዳትነግርብኝ» አለችኝ።

«አልነግራትም» አልኳት። «ከጠየቀችኝ ግን አልደብቃትም።»

ባጃጁ ላይ ወጥታ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። የስልክ ድምፅ ቀጭኑ ስለሌለበት ደህና አድርጌ እሰማዋለሁ። ሰዓዳ ነበረች።

«ነገርኳት» አለችኝ።

«ምን አለች?»

«‹ማነው ያዳመጠው?› አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ‹ደግ› አለች።»

ከዘሃራ ቤት የመጣልኝ ቃል ይኸው ነው። ሱቄን የዘጋሁት በዚያው ወር ነው።